ደሜ ሰባት ነው

ጥቅምት 3፣ ረፋድ 4፡30፣ ት/ቤት

ጠዋት የብረት ኪኒኗን ዋጥኩ። እንደ ወትሮው በሀይታ ቱኬ፣ በቡና ቅጠል መጠጡ፣ አወራረድኳት። አማቴ የቡና ቅጠሉን በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ነበር። እርግዝናዬ ስድስት ወር ሆነው፤ ልጄ ቤቲ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከእጄ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ስል ዓለም ጨለመብኝ። ሦስተኛ ክፍሎች ሳቁ።

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ባሌ ታደሰ ትናንት ደበደበኝ። እራት አልደረሰም ብሎ። ሙዝ ሲያስጭን ውሎ ሲመጣ እኔ ማገዶው አጠገብ እንቅልፍ ወስዶኛል። ሰነፍ ነሽ፣ መምህርነቱ አኩርቶሻል አለ። መጀመሪያ በጥፊ። ከዚያ በጸጉሬ ጎተተኝ፣ ከዚያ ጭኔን በጫማው። አማቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ሆዷን ተጠንቀቅ» ብቻ አለችው። ሌላው ገላዬ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። እጠላታለሁ። እሱንማ ተወው፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 9

ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ። የቤታችንን ግድግዳ እበላለሁ። ከበሩ ጀርባ ያለውን ምርግ። ዝናብ ሲነካው ሽታው ምራቄን ያመጣዋል፣ በጥፍሬ ፍቄ እውጣለሁ። ዛሬ ታደሰ ያዘኝ። ጭቃውን ሊያወጣ ጣቶቹን አፌ ውስጥ ከተተ። ነከስኩት። አጥንቱ እስኪሰማኝ ነከስኩት። ደሙን ቀመስኩና ደስ አለኝ። በኋላ ንስሐ ልገባ ተንበረከክሁ። ሳልጸልይ ተነሳሁ።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 9፡00

ከጤ/ጣቢያ ገና መመለሴ ነው። አዋላጇ ሲ/ር አስቴር የዐይኔን ቆብ ገልብጣ አየች። ጣቴን ወግታ ለካች። ደሜ ሰባት። ቢያንስ አሥራ አንድ መሆን ነበረበት። ኪኒኑን ትውጫለሽ ወይ አለች፤ አንድ ቀን አላጎደልኩም። በምን? በቡና ቅጠል። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቅጠሉ ብረቱን ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም አለች። ሦስት ወር ሙሉ የዋጥኩት ከሞላ ጎደል ከንቱ። አስተማሪ ነኝ እኮ፣ እንዴት አልጠየቅኩም! በዚያ ላይ ከክረምት ወዲህ ሁለቴ ወባ፣ እርግዝናው ተደራርቦ፣ ሥጋ ለበዓል ብቻ፣ እሱም ወንዶቹ ከበሉ በኋላ። አፈር የሚያምረኝም ከዚሁ የተነሳ ነው። በዚህ ደም ምጥ ላይ ከደማሁ አልተርፍም፤ አርባ ምንጭ ሆስፒታል መውለድ አለብኝ፣ ደም የሚሰጥ ሰውም ላዘጋጅ። ባልሽስ አለችኝ። ሳቅሁ።

ጥቅምት 13፣ ከሰዓት 8፡00

ጠዋት ኪኒኗን በውኃ ዋጥኩ። ስኒውን አልቀበልም አልኩ። ጎረቤቶች ተያዩ። እዚህ የቀረበን ስኒ መመለስ ቤቱን መስደብ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ ሞከርኩ፣ ማን ሰምቶኝ። አማቴ ኪኒኑ የሕፃኑን ጭንቅላት ያገዝፈዋል፣ ምጥ ላይ ይገድልሻል ብላ እሽጉን ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ወረወረችው። ገፋኋት። ታደሰ እናቴን ነካሽ ብሎ ተነሳ። ሆዴን ረገጠኝ። ሆዴን! የፈላውን ማሰሮ አንስቼ እግሩ ላይ ደፋሁበት። ጮኸ። ነገም ቢሆን እደፋበታለሁ።

ቀሚሴ ላይ ደም አለ። ጥቂት ነው። እኔ ግን የምከፍለው ጥቂት እንኳ የለኝም።

ያው ቀን፣ 10፡00

እሄዳለሁ። አርባ ምንጭ፣ እህቴ ምሕረት ዘንድ። ደወልኩላት፤ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅሻለሁ፣ የኔን ደም ይውሰዱ አለች። ቤቲን አዝዬ ነው የምሄደው፣ አልመለስም። የጠራሁት ሞተረኛ ደርሷል።

ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። ብሞት ጌታ ወሰዳት ይላሉ። ታደሰም ከፊት ቆሞ ያለቅሳል። የወሰደኝ ጌታ አይደለም። ምሕረት፣ ይህን ገጽ ሰው ሳይበተን ቀብሬ ላይ አንብቢው። ጮክ ብለሽ።

አማቴ ቤቲን ታቅፋ በሩን ዘግታለች። ልጅቷን ትተሽ ሂጂ ትላለች። እንግዲህ እሷን ረግጬም ቢሆን ልጄን ይዤ እወጣለሁ።