አዛውንት የመሰለን ዘፋኝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ማታ

ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን ለምን ደግሞ ይሰማል? አንቺም ሳትጠይቂ አትቀሪም፣ ማስታወሻዬ።

ዛሬም ሁለት ቦታ ሲቪ አስገባሁ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ኪራይ ክፍሌ። ዳቦ በሻይ። ስልኬን ስከፍት ሰማያዊው ካሴት እንደ አዲስ ወጥቷል። ልጅ ሆነን ይርጋለም ከተማ ከወንድሜ ከበረከት ጋር ቴፑ ሥር ተኝተን የምንሰማው፣ ከድራሙ ጀምሮ ሁሉም በሲንተሳይዘር የተሠራው አልበም። ድምፁ ታድሷል። ካሴቱ ላይ ያልነበሩ የልምምድ ቅጂዎችም ተጨምረውበታል።

ከፈትኩት። ጉድ ነው። ፈጠነ። ድምፁም ቀጠነ። ለካ የቴፓችን ቺንጋ፣ ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ፣ ላልቶ ዘፈኑን እያዘገየ ይጎትተው ነበር። በረከት ዘፋኙ ጺማም አዛውንት ነው ይለኝ ነበር፤ አምኜው አደግሁ። አዛውንት የለም። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፣ የወደዳት ትታው የሄደችበት።

ለበረከት ደወልኩ። ሹፌር ነው፣ የሞያሌ መንገድ ላይ። ጫጫታ። መልሼ እደውላለሁ አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አልደወለም። የዶርም ልጆች ግሩፕም ጭር ብሏል፤ ሁሉም ተመርቆ ወደየአገሩ ገባ።

የመጨረሻው ቅጂ ልምምድ ነው። ኪቦርዲስቱ ይሳሳታል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ አንዱ ይቅርታ፣ እንደገና ይላል። ዘፈኑን ትቼ ሳቁን ብቻ እየመለስኩ ሰማሁ። ስንት ሰው እንደሆኑ ለመለየት። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

ነገ የመዘምራን ልምምድ አለ። ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ። ተመስገን፣ ሰው አያለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

ተበላሸ። መባ ሲሰበሰብ በቀስታ የምጫወታት ነገር አለች። ዛሬ እጄ ሳላዘው ወደ ሰማያዊው ካሴት መግቢያ ሄደ። ዓለማዊ ዘፈን፣ በአምልኮ መሃል። መዘምራኑ አልነቁብኝም። ከፊት ወንበር ግን ጋሽ ማቴዎስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ቀና አሉ። ሲያበቃ እንድቆይ ሰው ላኩብኝ።

ወንበሩ ተሰብስቦ እስኪያልቅ ቆምኩ። ከኪቦርዱ ካነሱኝ በዚህ ከተማ ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም። ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

መጡ። ዘፈኑን አውቀውታል። ጌታን ሳያገኙ በፊት ካሴቱ ቤታቸው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«ልጄ፣ ደግሞ ምን ያስሮጥሻል? እሱ እኮ ረጋ ያለ ነው።»

የእሳቸውም ቴፕ ይጎትት ነበር! ሳቄ አመለጠኝ። ቺንጋውን፣ አዲሱን ቅጂ፣ የበረከትን አዛውንት፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሳቁ። ወዲያው ኮስተር አሉ፦

«መባ ላይ ግን አይደገምም። በይ፣ ኪቦርዱን ሸፍኚው፤ ዓርብ ልምምድ አለሽ።»

አላነሱኝም። ከበር ተመልሰው አዲሱን ከማን ጋር እንደምሰማው ጠየቁኝ። ብቻዬን አልኩ። ስልክ ቁጥሬን ይዘው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ሲቪ ካስገባሁባቸው የደወለ የለም። ጋሽ ማቴዎስ ግን ደወሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከባለቤታቸው ጋር ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ይበላሉ፤ አዲሱን ቅጂ አብረን እንድንሰማ ስልኬን ይዤ እንድመጣ አሉኝ። ባለቤታቸው ዘፈን አይሰሙም፣ ዓሣው ላይ ግን ይገኛሉ አሉ። ሰው ካለኝም ይዤ እንድመጣ። የለኝም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ አልኩ።

አሁን ለበረከት ጻፍኩ። እስኪደውል አልጠብቅም። እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦

«ቤኪ፣ ዘፋኙ አዛውንት አይደለም፣ እኩያዬ ነው። ሊንኩ ይኸው። እሑድ ሰባት ሰዓት መኪናህን ዳር አቁምና የመጨረሻውን ቅጂ ክፈት፤ እኛም እዚህ እንከፍተዋለን። ኪቦርዲስቱ ተሳስቶ ሲስቁ አብረህ ሳቅ። ከዚያ መልሰህ ደውልልኝ።»