እማማ ጭልፋን ከመርከቡ ላወረዱልን ክቡር ኃላፊ

ለ«ሩቅ ወደብ» ተከታታይ ፊልም የታሪክ ክፍል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በአዲሱ ምዕራፍ ፕላኔት እንደ ፊኛ ሲያፈነዳ ያየነው መድፍዎ በሙሉ ደህንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ጤናችን ደህና ነው፤ ቢጎድል ቢጎድል የጎደለን አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ለእንዲህ ያለ ጥቃቅን ጉዳይ ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን የስፌት መኪና ስንረግጥ እንውላለን። ፊልምዎን ማየት የጀመርነው እኛው ራሳችን ዩኒፎርም ለባሾች በነበርንበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ የጠፈር መርከቡ ከካርቶን መሠራቱን ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ከዋክብቱም አንዳንዴ ተላቀው ይወድቁ ነበር። ግን ማን ግድ ሰጥቶት! ውስጡ እኮ ሰው ነበረ።

ፊልሙን የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው፣ እርስዎም ረስተውት ከሆነ እንዲያስታውሱት፣ እማማ ጭልፋ ማን እንደነበሩ በአጭሩ ልናገር። የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነበሩ። መርከቡ ወደ ሌላ ኮከብ ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛውን ሁሉ በረጅሙ ገበታ ዙሪያ ያስቀምጡና በጭልፋቸው እየጠቆሙ ቆጥረው «ማን ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። የቀረው ሰው እስኪመጣ ድረስ ካፒቴኑ ራሱ ሞተር ማስነሳት አይደፍርም። ታሪኩ በሙሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር፤ አንዱ የእናቱን ሞት ሰምቶ ዕቃ ቤት ተደብቆ ያለቅሳል፣ አንዷ ከአለቃዋ ተጣልታ አልሄድም ብላለች፣ እኛም ጠላት መጣ አልመጣ ሳንል መጀመሪያ ያ የቀረው ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነበር የምንጓጓው።

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እሱም ከመነሃሪያ ከመውጣቱ በፊት ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ወደ ኋላ ዞሮ፣ ተሳፋሪውን በጣቱ ይቆጥርና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ውሃ ልትገዛ ወርዳ የዘገየች ሴት እስክትመለስ ድረስ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲጮህበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ እጁን አጣጥፎ እንደጠበቃት ሲያወራ ኖሯል። እማማ ጭልፋን መጀመሪያ ያየ ለት «ይቺ ሴትዮ ሥራዋን ታውቃለች» አለና ከዚያ ወዲያ አንድም ክፍል አላመለጠውም።

አሁን አባቴ አርጅቷል፤ ትዝታውም ጥሎት ሄዷል። እኔን ትኬት ቆራጭ፣ ወንድሜን መካኒክ እያለ ይጠራናል፤ በገዛ ቤታችን «እናንተ ልጆች፣ ቤታችሁ የት ነው?» ይለናል። ነገር ግን እማማ ጭልፋ «ማን ቀረ?» ባሉ ቁጥር ከወንበሩ ዞር ይልና በጣቱ እየጠቆመ «ልጄ... ልጄ... ሁሉም አሉ» ይል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ፣ አባት ነበረን። የምጽፍልዎ እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ስለ ፊልም አይምሰልዎ።

አንደኛ፣ የተመልካችን ድምፅ በመስማትዎ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንደሚያውቁት የፊልሙ ወዳጆች ማኅበር ለሁለት ከተሰነጠቀ ሰነባብቷል። «ሰው ይቅደም» የምንለው በጎረቤታችን በፋርማሲስቷ፣ «ሞተር ይቅደም» የሚሉት ደግሞ በወንድሜ እንመራለን። ወንድሜ በስብሰባው ላይ ተነስቶ፣ ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ የሚነታረክ ሰው ማየት ከፈለግሁ እቤቴ ሞልቷል፣ ጠፈር ድረስ ምን አስኬደኝ ሲል ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበለት። ፋርማሲስቷም ባዶ ሰማይ ማየትማ ደጅ ወጥቶ ቀና ማለት ነው፣ በነፃ ነው አለችው። እኔ ለእሷ ባጨበጨብኩ ከወንድሜ ጋር ተኳረፍን፤ ከዚያ ወዲህ መቀስ እንኳ የምንቀባበለው በደንበኛ በኩል ነው። ልጇን ልታስለካ የመጣች ምስኪን እናት በመካከላችን ቆማ «ሜትሩን አቀብለኝ በይልኝ»፣ «ከፊትሽ ነው፣ አይታይሽም ወይ በይልኝ» የሚለውን ስታመላልስ ትቆያለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍርድዎ። የእኛ ወገን ሰው ይብዛልን ብሎ ጻፈልዎ፤ የወንድሜ ወገን የገበታው ትዕይንት ይጠርልን ብሎ ጻፈልዎ። እርስዎም ማንንም ላለማስቀየም እማማ ጭልፋን ስም በሌለው ወደብ ላይ አወረዱና በቦታቸው በሰማያዊ መብራት ሰው የሚቆጥር ማሽን ተከሉ። ሰው ሰው እያልን ለጨቀጨቅንዎ ደግሞ ለማሽኑ የሰው ፊት ሠሩለት፣ አልበቃ ብሎ እንባ ጨመሩበት። ለካስ ሰው ማለት ውሃ የሚያፈስ ዕቃ ኖሯል! እኛ ሳናውቅ ይኸው ስንት ዘመን ቧንቧችንን ስናስጠግን ኖርን። ማሽኑ ቆጠራውን በዓይን ጥቅሻ ይጨርሳል፤ ማንንም አይጠይቅም፣ ማንንም አይጠብቅም። ልብ ይበሉ፣ ወንድሜ እንኳ ገበታው ይጠር አለ እንጂ ሴትዮዋ ይውረዱ አላለም። ፀጉሬን አሳጥሩልኝ ላለ ሰው አንገቱን ቆርጠው ሰጡት።

ሦስተኛ፣ አዲሱ ቢቀር የድሮውን ከፍተን ለአባታችን እናሳየዋለን ብለን ነበር፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። የድሮዎቹን ክፍሎች በሙሉ አንስተው «የታደሰ ቅጂ» ተክተውልናል። አሁን ግድግዳው አይንቀጠቀጥም፣ ኮከብም አይወድቅም፣ ገበታውም የለም። ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስደውል ስልክ ያነሳችው ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ገበታው ታሪኩን ስለሚያጓትት መቆረጡን በትሕትና አስረዳችኝ። እኔም እህቴ፣ ታሪኩ ይቅርብኝ፣ ያቺን አንዲት ጥያቄ ብቻ ፈልገሽ ላኪልኝ ብዬ ለመንኳት። አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው አለችኝ። አባቴ ታሞብኛል እኮ አልኳት። አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ የማን ልጅ ልብስ እንደሆነ በማላውቀው ዩኒፎርም ላይ አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ እንባ እንደሆነ ለማሽንም ተፈቅዷል።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ተውኩት። ይልቅ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርዎ።

እንደ ልማዳችን ሱቁን ቀደም ብለን ዘግተን አባታችንን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥነው፤ እኔ በአንድ በኩል፣ ወንድሜ በሌላ በኩል፣ ኩርፊያችንም በመካከል። መርከቡ ሊነሳ ሲል አባቴ እንደ ድሮው ወደፊት ጎንበስ ብሎ ጣቱን አዘጋጀ። ሰማያዊው መብራት ሽው ብሎ አለፈ፣ ማሽኑ እንባውን ጠብ አደረገ፣ ሞተሩም ጮኸ። የአባቴ ጣት አየር ላይ ቀረች። ይኼኔ ወንድሜ፣ ያ አዳራሽ ያስጨበጨበው ወንድሜ፣ ከአባታችን ወንበር ጀርባ ሄዶ ያንን ጎርናና ድምፁን አቅጥኖ፣ እንደ አሮጊት «ማን ቀረ?» አለ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞትኩ ነበር። ከዚያ ሮጦ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሁለታችንም በልባችን ቁጠረን፣ ቁጠረን እያልን እንደ ተሳፋሪ ቀጥ አልን።

አባቴ ዞር ብሎ አየን። ጣቱ በላያችን ላይ አለፈች። ልጄ አላለም። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰና «ያቺ ሴትዮ ቀርታለች፤ ሞተሩን አጥፋው» አለ።

«ሞተር ይቅደም» ባዩ ወንድሜ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

እኔና ወንድሜ ታርቀናል፤ ካልታረቅን ምን ልናደርግ? አባታችን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮቱን ለብሶ በር በሩን ያያል። ትመጣለች እንለዋለን፤ መምጫ እንደሌላት እያወቅን። እማማ ጭልፋን ይመልሱልን ብዬ አልለምንዎትም፤ ለአንድ ሹፌር ሲባል መርከብ እንደማይቆም ገብቶኛል። የጻፍኩት ዝም ማለት ስላቃተኝ ብቻ ነው።

ሰው የማይጎድልበት መርከብዎ በሰላም እንዲደርስ እየተመኘሁ፣ ለተቆረጠው ገበታ፣ ለታደሰው ዝምታና ለማሽኑ እንባ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር እጅ እነሳለሁ።

ታዛዥዎ፣
የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ

(ወንድሜም አብሮኝ ፈርሟል፤ እስክሪብቶውን ያቀበልኩት ያለ ደንበኛ ነው።)

ሳልረሳው፦ አባቴ ሴትዮዋን የት ሄደን እናምጣት እያለ ይጠይቀናል። ሹፌር ነውና ስም የሌለው መነሃሪያ አይገባውም። ስለዚህ እማማ ጭልፋ ለወረዱበት ወደብ የእርስዎን ስም እንዲያወጡለት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ ሰው የተጣለበት ቦታ በጣለው ሰው ስም ቢጠራ፣ ቢያንስ አባቴ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።