ለመምጫህ ቀን ያስቀመጥኩት ጫማ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ይድረስህ፤ መንገድ ላይ ከዘገየ ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? የብየዳው ብልጭታ አሁንም ያስለቅስሃል? መነጽር ሳታደርግ እንደማትበይድ ማልልኝ። ወገብህስ? እንቅልፍህስ? አብሮህ የሚኖረው ሾፌር ማንኮራፋቱን ተወ? እኛ፣ እኔም እማዬም ልጄም ደህና ነን። ብርድ ሲመጣ የእማዬ ጉልበት ያጉረመርማል፤ እሷም አብራው ታጉረመርማለች፣ ስለዚህ ጤነኛ ናት ማለት ነው።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ለጣሪያው ማስጠገኛና ለእኔ አዲስ ስፌት መኪና የሚሆን ገንዘብ እስኪሞላልህ፣ ሌላ የሁለት ዓመት ውል ልትፈርም እንደሆነ ጽፈሃል። ይህን ለእማዬ ሳነብላት «ድገሚልኝ» አለች። እናትህን ታውቃታለህ፣ እሷ ድገሚልኝ ካለች ጉድ አለ። እባክህ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ እስክሪብቶ እንዳታነሣ።

ከአምስት ዓመት በፊት በሰው እጅ የላክኸልኝ ቡናማ ጫማ ትዝ ይልሃል? «እትዬ፣ በየቀኑ አድርጊው» ብለኸኝ ነበር። እኔ ቋጣሪዋ እሰማለሁ? ውስጡን ወረቀት ጠቅጥቄ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። እሱ የሚመጣ ዕለት አድርጌው እቀበለዋለሁ አልኩ። አልፎ አልፎ አወርደውና አቧራውን ጠርጌ፣ አሽትቼው እመልሰዋለሁ። ልጄ «እማ፣ ይሄ ጫማ ነው ወይስ የባንክ ደብተር?» እያለች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ሰኔ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት አስጠራችኝ። የአራት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋ ሰው ሊመርጡ ነው። የቀረብነው ሦስት ነን፤ ሁለቱ ባለ ትልቅ ሱቅ፣ ሦስተኛዋ እኔ ባለ አንድ አሮጌ ስፌት መኪና። ሰው ፊት መቅረብ ነውና ጨከንኩና ጫማውን አወረድኩት። ያብለጨልጫል! ከደጃችን እስከ መታጠፊያው ንግሥት ሆኜ ሄድኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ቀኝ እግሬ ቀለለኝ። ዞር ብዬ ባይ ሶሉ ኋላዬ ተጋድሟል። የግራው ደግሞ እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ነው። ወይ ጉዴ! አንድ ቀን እንኳ ሳይረገጥበት ተቀምጦ አርጅቷል። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ «እመቤት፣ ጫማሽ ደክሞት ቀረ» አይለኝም? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት እንዳልመለስ ሰዓቱ ደርሷል። ከቦርሳዬ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አወጣሁና ለሁለት ቆርጬ ሶሎቹን ከእግሬ ጋር ጠፍሬ አሰርኳቸው። ገባሁ። ኮሚቴው በሙሉ ፊቴን ትቶ እግሬን ያያል። አልደበቅኩም። «ጫማዬ መንገድ ላይ ተበተነ፤ እዚያው ጠግኜው በሰዓቱ ደርሻለሁ። ዩኒፎርማችሁም እንደዚሁ በሰዓቱ ይደርሳል» አልኳቸው። ርእሰ መምህርቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ!

ደስታዬ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በአንዲት አሮጌ መኪና አራት መቶ ልብስ እንዴት ይሆናል? ጨርቁስ በምን ይገዛል? አሁን እንዳትቆጣ፤ አንተ የላክኸውን ሁሉ በልተነው የጨረስን መስሎሃል። ከእማዬ ጉልበት ሕክምና በቀር ሳንቲም አልነካሁም። የበላነው ከመርፌዬ ነው። ያንተ ገንዘብ ለአንተ ብዬ ባንክ በከፈትኩት ደብተር ተቀምጧል። እሱን ላውጣ ወይስ ልበደር? ከጎረቤት ጨው ስበደር እንኳ ላብ ያጠምቀኛል። ሆኖም ያንተን ላብ አስይዤ በእኔ ሥራ ለመወራረድ አንጀቴ እምቢ አለ። ክርና ቁልፍ የምገዛቸው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰውን የሚበላ ዕዳ አለ፤ ሰውን የሚያበላ ዕዳም አለ» ብለው ዋስ ሆኑኝ፤ ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተበደርኩ። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት!

ሁለት መኪና ገዛሁ፣ ሁለት ሴቶች ቀጠርኩ፣ ልጄም በክረምቱ ዕረፍት ቁልፍ ተከለች። አራቱንም መቶ ልብስ ትምህርት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው አስረከብኩ። ባለፈው ሰኞ የብድሩን የመጨረሻ ክፍያ ከፈልኩ። ዕዳዬን መጨረሴን የሚናገረውን ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እማዬ ማንበብ ባትችልም ለመጣ ሰው ሁሉ በጣቷ እያሳየች ታስረዳለች። ጣሪያውም በትርፉ ታድሷል። የሚያፈሰውን የምንቀበልበት ባልዲ ዛሬ ልብስ ማጠቢያ ሆኗል። ኮርቻለሁ፣ ምን አፍራለሁ!

እንግዲህ ስማኝ የኔ ጌታ። በሠላሳ ዓመትህ ሸኘንህ፤ ዘንድሮ ሠላሳ ሰባት ሞላህ። ትዳሩን ለነገ፣ ዕረፍቱን ለነገ፣ እኛን ማየቱንም ለነገ ትላለህ። ይህን ከማን ተማርከው? ልጅ ሳለህ ኪሰ ቀዳዳ ነበርክ፤ ሳንቲም እጅህ ከገባች ሳታድር ከረሜላ ትሆናለች። ቆንጥጬ ቁጠባ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ ወጣህ፣ እኮራብሃለሁ። መምህርትህ ግን ያን ቀን ዳቦ ቤቱ በር ላይ ትምህርቷን አርማለች። ገንዘብ ተቀምጦ ይጠብቅ ይሆናል፤ አንተን ግን ከዚህ በላይ ማስቀመጥ አልፈልግም፣ ናፍቀኸኛል። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን አትጣል። አትፈርም።

ከስፌት ቤቴ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይቶት የነበረው አናጺ ለቆታል። አከራዩ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይጠብቁኛል። ደብተርህ ላይ ያለው ለኪራዩም ለብየዳ ማሽንም ይበቃል፤ እኔ ራሴ ዋጋ ጠይቄያለሁ። ቢጎድልም አሁን መበደር አውቃለሁ።

ለራሴ አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። በየቀኑ አደርገዋለሁ፣ ጭቃም ይሁን። ስትመጣ ተረከዙ ተበልቶ ካገኘኸው እንዳትስቅብኝ። የድሮው ካርቶን አልተጣለም፤ ቁልፍ አጠራቅምበታለሁ፣ ቋጣሪ አይደለሁ?

ለሾፌሩ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትራሱን ከፍ ያድርግ በልልኝ። ልጄ «ትከሻሽ ጋ መድረሴን ለአጎቴ ንገሪልኝ» ትላለች፤ አንተ ስትሄድ ወገብህ ድረስ ነበረች። ሽማግሌው ባለቁልፍ በጣም ሰላም ብለውሃል። እማዬ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጣ፣ እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ አለችኝ፦ ይህ ጉልበቴ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ገና እያስኬደኝ ሳለ ና።

ቋጣሪዋ እኅትህ

ጣሪያው ከማያፈሰው ቤት
ኅዳር ፲፬ ቀን