የብስክሌተኛው ኪታቡ

ጎበዜ፣ ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ቀጭኔ እኔ አላየሁትም፤ ኬንያ ሞያሌ ያየሁት አህያና አቧራ ነው።

ስለ ብስክሌት ውድድር የተጻፈ መጽሐፍ ፈልግልኝ ብለኸኝ አልነበር? ማንያታ ሰፈር ሳልባጅ ለሚሸጠው ለአብዱራሺድ ነገርኩት። «የብስክሌተኛ ኪታቡ አለኝ» አለኝ። ክታብ ሊሸጥልኝ መስሎኝ ተናደድኩ። «ጓደኛዬ ከብስክሌት የወደቀው እናቱ ያሰሩለት ክታብ አንገቱ ላይ እያለ ነው፤ ሌላ አንፈልግም» አልኩት። ግራ ገብቶት እያየኝ ከልብሱ ክምር ሥር ሁለት መጻሕፍት መዘዘ። ለካ እዚህ መጽሐፍን ኪታቡ ነው የሚሉት። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

አንደኛው የሻምፒዮኖች ታሪክ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ሰዎቹ ግን ሁልጊዜ ያሸንፋሉ፣ ስለዚህ ተውኩት። የገዛሁልህ ሁለተኛውን ነው። የጻፈው ለቡድኑ መሪ ውሃ የሚያቀብል ብስክሌተኛ ነው፤ እንግሊዝኛው አይከብድህም። አንዴ ከወደቀ ወዲህ ቁልቁለት እንደሚፈራ ሳይደብቅ ይናገራል። እየፈራም ይወርዳል።

ከዚህ እስከ ሶሎሎ ከተማ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሰዉ ግን ጀሪካን ጭኖ በብስክሌት ይሄድበታል። የእኛ የሐዋሳ አስፋልት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንጣፍ ነው።

ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን እትዬ ምንታምርን ሳምልኝ፤ የክታቡን ነገር ግን እንዳትነግራቸው። እንዳታወልቀውም፣ ይከፋቸዋል። ብስክሌቱን ግን ከግድግዳው ላይ አውርደው።

ወንዱ