ትንሽ በር ያለው በረንዳ

ሰኞ፣ ጥር

መደቡን አፈረሱት። እማማ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁበትን፣ እኔ በየዓመቱ በጭቃና በእበት የምለስነውን። ለምን ብዬ ብጠይቅ ደረጀ "ዘመናዊ በረንዳ እናሠራለን" አለ። ጣውላውን በመኪናው ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቷል፣ ሠሪውንም ጌቱን አብሮ። ጣውላ ይባል እንጂ የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ ተቀላቅሎ የተጋገረ ነው። ምስጥ አይበላውም፣ ዝናብ አያበሰብሰውም።

እማማ ቁራጭ አንስተው ምድጃ ውስጥ ከተቱ። ጭሱ አሳላቸው።

"አይበቅል፣ አይነድ። እንዳንቺ ነው" አሉኝ። በሰው ፊት። ደረጀ ሳቀ። ባሌ ነው፣ የእናቱ ቀልድ ሁሌም ያስቀዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምጄው፣ ዛሬም ፊቴ ጋለ።

ማክሰኞ

ጌቱ በጣውላና በጣውላ መሃል ክፍተት ሲተው እማማ ጮኹበት። "ዝጋው!" ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ ይነሣል ብሎ ለመናቸው። ገብስ ሳሰጣ ይንጠባጠብብኛል አሉ። ዘጋው።

እኔ ዝም አልኩ። ይበላሽባቸው፣ ልጃቸው አንድ ቀን እሳቸውን ይቆጣ ብዬ ነው። ክፉ ሆኛለሁ። ደስም ብሎኛል።

የበረንዳው አጥር ግን አልገባኝም። ጉልበቴ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ዘንጎቹም ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ደረጃው አናት ላይ ትንሽ በር አለችው፣ መቀርቀሪያዋ በውጭ በኩል። "በግ እንዳይገባ ነው" አሉ እማማ። በግ እንዳይገባ በውጭ በኩል?

ረቡዕ

ቀኑን በአንድ ለአምስት ስብሰባ ጨርሼ ስመለስ በረንዳው አልቋል። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ጫማዬን አውልቄ ሄድኩበት። የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ለጌቱ ሽሮ አቅርቤለት፣ አጥሩ ምነው አጠረ አልኩት።

"የአዲስ አበባውንም ቤት እንዲሁ ነው የሠራሁት፣ እትዬ። ልጁ ይዞት እንዲቆም" አለ።

"የቱ ልጅ?"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። የማውቅ መስሎት ነበር። ምስኪን፣ ከዚያ በኋላ አንድም አልበላም።

ደረጀ ልጅ አለው። እማማ ያውቃሉ። ጌቱ እንኳ ያውቃል።

ሐሙስ

ጠየቅሁት። አልካደም። መኪናውን እያሞቀ ነው የነገረኝ፣ ስለ ጎማ እንደሚያወራ። የልጁ እናት ዓረብ አገር ሄዳለች፣ ነገ አመጣዋለሁ፣ ላንቺም ልጅሽ ነው አለ። ሄደ።

እማማ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። "ታሳድጊዋለሽ። ሌላ ምን ሥራ አለሽ?" ከዚያ ሳያፍሩ፣ የጣውላውን ክፍተት ያስዘጉት የእግሩ ጣት እንዳይሰነቀር መሆኑን ነገሩኝ። ገብሱ ሰበብ ነበር።

ከሰዓት ፀሐዩ በረታ። የቤቱ በር ፊት ያለው ጣውላ ተንጣጣና ጫፉ ብድግ አለ። አየሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

ዓርብ

ልጁ መጣ። አፍንጫው የደረጀ ነው። ዓይኑ የማን እንደሆነ አላውቅም። እማማ እልል አሉ፣ ተቀብለው በረንዳው ላይ አቆሙት። ሮጠ። ወደዚያ ወደ ተነሣው ጣውላ።

እጄን ብዘረጋ እይዘው ነበር። አልዘረጋሁም።

ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ሁሉም ጮኸ። ልጁ ተነሥቶ ቀሚሴ ላይ ተጠመጠመ፣ ቅርብ ስለነበርኩ ብቻ። "አየሽ፣ አወቀሽ!" አለ ደረጀ፣ ደስ ብሎት። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መካን እያሉኝ ስኖር እንኳ ክፉ አልነበርኩም።

ቅዳሜ፣ ሞላሌ፣ ወንድሜ ቤት

በማለዳ፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ከደረጀ ጋር ሊመለስ የቆየውን ጌቱን ቀሰቀስኩት። "ንቀለው። ክፍተት ተውለት" አልኩት። እማማ ወጥተው ሰደቡኝ፣ የቻሉትን ሁሉ። ደረጀ አልጋው ውስጥ ሆኖ ምን ሆናችሁ ይላል። ያ ጣውላ ተነቅሎ፣ ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ እስኪገባ ድረስ ከአጠገቡ አልተነቃነቅሁም።

ከዚያ ሻንጣዬን አነሣሁ። ልጁ ቀሚሴን ያዘ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅሁ። ወጥቼ ትንሿን በር ቀረቀርኩ። በዘንጎቹ መሃል ያየኛል። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ "ስንት ቀን ትቆያለሽ?" አለኝ። ሻንጣውን አንሥቶ ክብደቱን ሲያውቅ ውስጥ ድረስ አስገባልኝ።

ሚስቱ ሙቅ ውሃ አቀረበችልኝ፣ ልብስሽን እጠቢ ብላ። የልጁ የከንፈር ደም ቀሚሴ ላይ ደርቋል። ውሃው ቀዘቀዘ። አላጠብኩትም።