ስለ አንዲት እስክሪብቶና ሲስተሙ ስለማያውቃት ጳጉሜን

መርሳ፣ የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ የኮሌጃችን የዲጂታል ሽግግር ኃላፊ፣ ለአቶ ብርሃኑ
ግልባጭ፦ ለመምህራን ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ሚስማሩ ተርፎ ከሆነ

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ እንደምን ከረመ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ መብራቱም አንዳንድ ቀን ብቅ እያለ ይጠይቀናል።

ክቡርነትዎን የማስቸግረው ስለ አንዲት እስክሪብቶ ነው። ባለፈው ግንቦት «ኮሌጁ ከወረቀት ነጻ ስለወጣ ከእንግዲህ እስክሪብቶ አይታደልም» የሚል ሰርኩላር በሦስት ቅጂና በሁለት ማኅተም አድርሰውናል። እነሆ ዘጠኝ ወር ሙሉ የምጽፈው በግል እስክሪብቶዬ ነው። ቀለሟ ወደ ማለቁ ስለሆነ ሌሎቹን ጥቃቅን ጉዳዮች ቶሎ ቶሎ ልቁጠርልዎ።

1ኛ. ስለ ሥልጠናው ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሮጀክተሩ እምቢ ሲል አሠልጣኙ ኮምፒውተሩን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሥለው ማስተማራቸው አይረሳኝም። የውኃ ፓምፕ ጥገናን ከፓምፑ ከራሱ የተማርሁ፣ የኮሌጅ ደጅ በተማሪነት ረግጬ የማላውቅ የወርክሾፕ አስተማሪ ብሆንም፣ በዚያ የጠመኔ ኮምፒውተር አንድም ስሕተት ሳልሠራ ጨርሻለሁ። ካስገቡልን ሁሉ ያልተበላሸው እሱ ብቻ ነው።

2ኛ. የተማሪዎቹ ውጤት «ደመና ላይ ተቀምጧል» ብለው አረጋግጠውልን ነበር። የሐብሩን ገበሬ ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ፣ ደመና ማለት አጉረምርሞ አጉረምርሞ ሳይዘንብ ወደ ራያ የሚያልፍ ነገር መሆኑን በነጻ ያማክርዎት ነበር። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ሲደርስብን ኔትወርኩ ሄደ፣ መብራቱ ሄደ፣ ኮምፒውተሮቹም ከነመሰኪያቸው ሄዱ። ኔትወርኩ ሲመለስ ደግሞ የደመናው መክፈቻ ቁልፍ ቃል የተጻፈው እንዲወገዱ ካዘዙን ወረቀቶች በአንዱ ላይ እንደነበር ተነገረን።

3ኛ. የውርጌሳዋ ተማሪዬ ዘይነባ ደመናው ላይም አልደረሰችም። ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ሲስተምዎ ግን ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ስለሚዘጋ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ከነውጤቷ መለሳት። ቢሮዎም ለጋስ ነውና የልደት ቀኗን እንድትቀይር መከራት። «ጋሼ ሚስባህ፣ ቀኑን የመረጠችው እናቴ ናት፤ እሷን ላምጣላቸው?» ስትለኝ ሥቄ ነበር። አሁን አልሥቅም። ወልድያ የመስኖ ሥራ አግኝታለች፤ የትምህርት ማስረጃዋን እስከ ዓርብ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አራት ጊዜ ከውርጌሳ መጥታ፣ አራት ጊዜ ደጅዎ ላይ ውላ ተመልሳለች።

4ኛ. የድሮውን የውጤት መዝገብ ስለማስወገዴ ማረጋገጫ ባለማቅረቤ የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ትናንት ደርሶኛል፤ ወረቀቱ በጣም ጥሩ ነው። ጥፋቴን አምናለሁ። መዝገቡን አላስወገድሁም፤ ጎተራ ውስጥ ከማሽላው ሥር ቀበርሁት። በዚያ ክፉ ወራት ማሽላው ተበላ፤ የሰው ውጤት ግን ለማንም አልጣመውም መሰለኝ፣ መዝገቡ ሳይነካ ቀረ። ዘይነባ ገጽ አርባ አንድ ላይ ከነጳጉሜኗ አለች። የጎደላት ነገር ቢኖር የእርስዎ ማኅተም ነው፤ ለማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ የተመታው ማኅተም ለእሷ አንድ ጊዜ ቢበቃት ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

5ኛ. ስለ ወንበሩ ደግሞ... ይቅርታ፣ በሩ ተንኳኳ።

ማኅተምዎን በአክብሮት የሚጠብቅ፣ ካልተወገደው መዝገብ ጋር ያልተወገደው ባለመዝገብ፣
ሚስባህ

ማስታወሻ፦ ያንኳኩት እርስዎ ራስዎ ሆነው ተገኙ፤ ከኋላዎ ደግሞ የዘይነባ እናት ወይዘሮ ለይላ። እሳቸው ቢሮዎ ገብተው «ጳጉሜን የለም ያሉት አንቱ ነዎት? እንግዲያ ያን ቀን ያማጥሁት ምን ነበር?» ብለው በባጃጅ እንዳመጡዎት ከገጽታዎ ተረድቻለሁ። እርስዎ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሆነው ገጽ አርባ አንድን ወደ ማስረጃ ወረቀት እየገለበጡ ነው። ማኅተሙን ከኪስዎ አውጥተዋል፤ እስክሪብቶ ግን አልያዙም ነበርና የእኔን አውሼዎታለሁ። ይህ ማስታወሻ በእርሳስ የተጻፈው ስለዚህ ነው። ሲጨርሱ አደራዎን ይመልሱልኝ፤ በኮሌጃችን አይታደልም።