ኮቶቹ የያዙልኝ ቦታ

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

የንጋት ፈረቃ። ከዶንካስተር እስከ ሊድስ ዝናብ ብቻ... ባቡሬን ይዤ ስመላለስ ዋልኩ። የልጆቹ ዩኒፎርም ዛሬም አልደረቀም፤ ማሞቂያው ላይ ዘረጋሁት። የትንሿ ልጄ የቲሊ ጫማ አፉን ከፍቷል። ስድስት ዓመቷ ነው፣ በጣቶቿ ጫፍ ነው መሰለኝ የምትራመደው።

ከግብር ቢሮ ቡናማ ፖስታ መጥቷል። ሰዓቱ ጀርባ ሸጎጥኩት። ነገ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10

"ነገ" ሦስት ቀን ሆነ። ከፈትኩት። ከጃንዋሪ ጀምሮ በዓመት ከሃምሳ ሺህ ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው መንግሥት ለልጆቹ ማሳደጊያ የሚሰጠውን አበል በግብር መልክ እየመለሰ ይሄዳል። ስልሳ ከሞላ ሁሉንም። የኔ ደሞዝ ብቻውን ሃምሳ አይሞላም። የእሁድ ፈረቃ ሲጨመርበት ግን ያልፋል... በደንብ ያልፋል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጎረቤቶቼ ግራንትና ዴኒስ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። እያንዳንዳቸው አርባ አምስት ሺህ፤ ግራንት ራሱ ነው የነገረኝ። ዘጠና ሺህ ባንድ ጣራ ሥር! እነሱን አይነካም። የሚቆጠረው የአንድ ሰው ገቢ ነዋ። ሚስቴን ቀብሬ ሦስት ሴት ልጆች ብቻዬን የማሳድገው እኔ ሀብታም ተባልኩ።

ግራንት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ጌታው! አሽከር መቼ ነው የምትቀጥረው?"

"ሥራ የፈታህ ቀን ና።"

ሳቅን። ገብቼ ልጸልይ ተንበረከክኩ። ዘጠና ሺህ፣ ዘጠና ሺህ... ሌላ ቃል አልወጣኝም።

እሁድ፣ ኖቬምበር 11

ሠራሁ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ለፓርላማ ተወካያችን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ሁለቱ ገጽ ስለ ግራንትና ዴኒስ ነው። ቀደድኩት። ፍትሕ ነው የጎደለብኝ ወይስ ቀንቼ ነው?

ባቡሮቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ሬይም አልማረኝም። ነጂ ነው እንደኔ፤ ልጅ የለውም። "ክላይቭ፣ የልጆችህን ጫማ በግብሬ ስንት ዓመት የገዛሁልህ እኔ ነኝ። አንድ ቀን አመሰግናለሁ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"አመሰግናለሁ።"

"አሁን ምን ያደርግልኛል!"

ቀልድ ነው... ግን እውነት አለበት። ፉርጎዎቹን የምታጸዳዋ ሴትዮም ግብር ትከፍላለች። ከኔ ሩቡን አታገኝም። የኔን ልጆች ጫማ እሷ ትግዛ?

ሰኞ፣ ዲሴምበር 3

አበሉ ገባ። ሚስቴ ማሪዮን "የልጆቹ" ነበር የምትለው እንጂ ገንዘብ ብላው አታውቅም። የቤት ዕዳ ያነቀን ጊዜ እንኳ አልነካችውም። ከሞተች በኋላ ወደ ስሜ ሳዞረው ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚል ጠባብ ሳጥን ነበረ። አንድ ቃል በቃው።

ደብዳቤው እንደሚለው፣ መመለሱ የሚያስቸግረው ሰው እስከ ጃንዋሪ 6 አበሉን ማቋረጥ ይችላል። ላቋርጠው? በገዛ እጄ?

ለቲሊ ጫማ ገዛሁላት። ማሪዮን እንደምታደርገው ጫፉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

እሁድ፣ ዲሴምበር 9

ከሥራ ስመለስ አማቴ ዊኒ የጸሎት ቤት ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ነው የጠበቀችኝ። እሁድ እሁድ ልጆቹን የምትወስዳቸው እሷ ናት።

"ሎይስ ዛሬ ብቻዋን ዘመረች። ነግራህ ነበር።"

ነግራኛለች። አሥር ዓመቷ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ። ረሳሁ።

"እማማ፣ ለነሱ ብዬ እኮ ነው የምሠራው።"

"እሱን ለእግዚአብሔር ንገረው። እሱ ታጋሽ ነው።"

ትልቋ ሄስተር ድንች ትልጣለች። ቀና ሳትል፣ "ቦታህን እኮ በየሳምንቱ እንይዝልሃለን፣ አባዬ። ኮቶቻችንን እናስቀምጥበታለን።"

"እናታችሁ ከሞተች ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ? ለምን?"

"ሰው እንዳይቀመጥበት ነዋ።"

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 12

ሄስተር በትምህርት ቤት ካልኩሌተሯ አሰላችልኝ። ግብሩ ሲቆረጥ፣ የምመልሰው አበል ሲቀነስ፣ ከእሁዱ ክፍያ የሚተርፈኝ ሲሶው ብቻ ነው። ደግማ አሰላች። "አልተሳሳትኩም፣ አባዬ።" ሳቄ መጣ። ልጅቷ ግራ ገባት።

መናደድ ነበረብኝ። ለምን ቀለለኝ?

እውነቱን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። እሁድ የሠራሁት ለገንዘብ አይደለም። ከቀብሩ በኋላ አንድ እሁድ ጸሎት ቤት ሄጄ ነበር። መዝሙሩ ተጀመረ... ከጎኔ የማሪዮን ድምፅ የለም። ጥዬ ወጣሁ። በማግስቱ ለእሁድ ፈረቃ ተመዘገብኩ። "ልጆች አሉብኝ" አልኩ። ሰው ሁሉ አመነኝ፤ እኔም ራሴን አመንኩት። አሁን ያ ሰበብ ዋጋው ሲሶ ሆነ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 19

ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ስሜን ከእሁድ ሰርዝልኝ አልኩት ፈረቃ መዳቢውን። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ።

"የጠራህ እግዚአብሔር ነው ወይስ ግብር ሰብሳቢው?"

"ተማክረውብኝ ይሆናል።"

ሰረዘኝ። ደረጃውን ስወርድ እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን ዘለልኩ። ጉልበቴን አመመኝ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 29

ለተወካያችን እንደገና ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ። ያለው ሰው ይቀነስበት፣ አልቃወምም፤ ግን የቤቱን ገቢ ቁጠሩ እንጂ የአንዱን ብቻ አትቁጠሩ፤ እኔ እሁድን ትቼ ባመልጥ ባሏ የሞተባት ሌላ ሴት አለች። ይኸው ነው።

ፖስታ ሳጥኑ ጋ ግራንት ደረሰብኝ። "ስሞታ ነው፣ ጌታው?"

"ስላንተ አይደለም።" እውነት ስለሆነ ደስ አለኝ።

ባለፉት እሁዶች የተነሳ ለዘንድሮ ጥቂት የምመልሰው ይኖራል። እመልሳለሁ።

እሁድ፣ ጃንዋሪ 6

የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን። አላቋረጥኩም። የልጆቹ ነው።

ጸሎት ቤት ሄድኩ። ለዓመቱ ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ኪዳናችንን የምናድስበት እሁድ ነው። በሩ ላይ እግሬ ተያዘ። ቲሊ አዲሱን ጫማዋን ቋ ቋ እያደረገች ጎተተችኝ።

አግዳሚው ጋ ስንደርስ ልጆቹ ኮታቸውን አውልቀው፣ እንደለመዱት፣ ቦታዬ ላይ ከመሩት። ዊኒም የሷን ጨመረች። አራት ኮት። እኔ ቆሜያለሁ። ሄስተር ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ ቀላ።

"ውይ!"

ሁሉንም ሰብስባ ታቀፈቻቸው። ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ተጀመረ። የማሪዮን ድምፅ ዛሬም የለም። የሎይስ ግን አለ... እዚሁ ጆሮዬ ሥር። ለካ በየሳምንቱ ነበረ።

ኮቶቹ ሄስተርን ከበዷት። ግማሹን ወደ ጭኔ ሳብኩት።